አራት ኦም

የባዬን አምፕ በባጃጅ ጭኜ ከሳሙና በር፣
አዘዞ ደረስኩኝ ድንኳን ሲወጠር።
የሙሽራው አጎት፣ ጋሽ ደርሶ ይባላል፣
በስልክ እየጮኸ በበግ ይከራከራል፤
እኔን ሲያይ ዘጋና፣
«ምድሩ ይንቀጥቀጥ!» አለ፣ «ይደንግጥ ጎረቤት!»
(ዋጋውን በግማሽ አስቀንሶኝ ትናንት።)

ሁለት ሳጥን ሳብ ነው፣
በያንዳንዱ ውስጥ መንታ ስፒከር፣
ባለ አሥራ ስምንት ኢንች፣ አራት ሲደመር።
አንዱ ለብቻው ስምንት ኦም ያህላል፣
መንታው ጎን ለጎን አራት ይሆናል፣
ሳጥን ከሳጥን ጋር ከቀጠልከው ደግሞ
ሁለት ይቀርሃል።

የአምፑ አንድ ጎን ከሞተ ወር አልፎታል፤
የቀረው አንድ ቻናል
«አራት ኦም ላይ ሺህ አምስት መቶ» ብሎ ይምላል፤
ሁለት ላይ ምን እንደሚል
ወረቀቱ ዝም ብሏል።

ባዬ ሲያስተምረኝ፣ ጆሮው ሳይደክም ገና፣
«ኦም ማለት እምቢታ ነው» ይለኝ ነበርና፣
«የሽቦ እምቢታ፣ የጅረት ልጓም፤
እምቢታው ሲያንስልህ ደስ አይበልህ በጣም፤
አምፑ ለጠየቀው ሁሉ እየቆረሰ፣
ሲሰጥ ሲሰጥ ያመሻል፣ እስኪወድቅ እየጤሰ።»

ደግሞም ይለኝ ነበር፣
«ሰው ትልቁን አምፕ ይፈራል በከንቱ፤
ስፒከር ገዳዩ ደካማው ነው፣ ልጄ፣ ሲንጠራራ በብርቱ።
አቅሙ አልደርስ ሲለው
የሞገዱን አናት ይቆርጠውና
ሾጣጣው ተራራ አምባ ይሆናል፣ ራሱ ጠፍጣፋ፤
ከዚያ አምባ ላይ ነው እሳት የሚወርደው፣
ኮይሉን የሚያነድደው።
ለሺህ ዋት ሳጥን ሺህ አምስት መቶ ስጠው፣
ከዚያ እጅህን ሰብስብ፤
ጉልበት ያለው ሰው ነው መታገሥ የሚችለው።»

ሰዓቱ ሄደ። አንደኛውን ሳጥን ሞከርኩት፤
ኮኑ ይርገበገባል፣ ወፍራሙ ድምፅ ግን የለም፣
ከንፈሩን ብቻ እንደሚያንቀሳቅስ በሽተኛ።
ከፈትኩት። በስልኬ መብራት
የባትሪ ድንጋይ ከሽቦው አነካካሁ፤
አንዱ ስፒከር ወጣ፣
አንዱ ገባ።
አንዱ የገፋውን አየር አንዱ ይውጠዋል፣
ሁለቱም ይለፋሉ፣ ከደጅ የሚሰማ የለም።
ቀዩ በጥቁሩ ቦታ ተበይዷል።
የበየድኩት እኔ ነኝ፣ ባለፈው ሐሙስ፣
እንቅልፍ እያዳፋኝ።

ሽቦውን በጥርሴ ልጬ፣ አዙሬ፣ በፕላስተር አሰርኩት።

«ሁለቱም ይጩሁ!» አለ ጋሽ ደርሶ፣
«ለግማሽ ነው እንዴ የከፈልኩህ?»
ለግማሽ ነበር።
ሁለተኛውን ሳጥን ከፊት አቆምኩት፣ አበባ አሰርኩለት፤
የገመዱን ጫፍ ግን ከምንጣፉ ሥር
ከምንም ጋር አገናኘሁት።

እስክስታው ሲደራ፣
ከበሮው በአንዱ ሳጥን ሲወርድ፣
ጠጁ በብርሌው ውስጥ ሸበሸበ፤
ቀዩ መብራት አንዴም ብልጭ አላለ።
ጋሽ ደርሶ መጣ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣
መዳፉን በዲዳው ሳጥን ጀርባ አኖረ፣
ከጎረቤቱ የተዋሰውን ንዝረት አገኘና
«ይኼኛው ነው ጀግናው!» አለ፤
«ያኛው እንኳ ሰነፍ ነው።»
ሚክሰሩ ላይ አቀረቀርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ተመለስኩ።
ባዬ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ ይጠብቀኛል።
አይሰማም አሁን፤
ሠላሳ ዓመት ከሳብ ፊት ቆሞ የሰጠውን ጆሮ
ማንም አልመለሰለትም።
አምፑን ሳወርድ መዳፉን ጣለበት፣
ትኩሳት እንዳለው ልጅ ግንባር።
ለብ ብሏል፣ ሌላ ምንም።
በቅንድቡ ጠየቀኝ፤ ስንት?

አራት ጣቴን አነሳሁ።