ቀና በሉ

ጥር ነው። መርሳ ላይ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል፤
ሙሽሪት የት አለች? ትከሻ ጋርዷታል።
እኔ ቁመቴ አጭር፣ ቀብዴን ተቀብዬ
ቆሜያለሁ ከኋላ፣ ካሜራዬን አዝዬ፤
ፊቴ የሰው ጀርባ፣ ጎኔ የሰው ክርን፣
ከላይ የስልክ ጫካ፣ እጅ የያዘው ስክሪን።
የመጀመሪያውን አንሥቼ ሳየው፣
የአንዱ ሚዜ ማጅራት፣ የአንዱ ጆሮ ብቻ ነው።

ወንበር ላይ ወጣሁኝ፤ የፕላስቲክ ነገር
እንደ ባቲ ግመል አጠፈ አራት እግር።
የአይሱዙው ሹፌር፣ ይማም ይሉታል፣
"ና ውጣ ጣራው ላይ" ብሎ ጋብዞኛል፤
ወጣሁ፤ ግን ከዚያ ላይ የሚታየው ሸራ፣
የለበት ሙሽራ፣ የለበት ጭፈራ።
ካሜራዬን አሠርኩ በሸንበቆ ጫፍ ላይ፤
ከሰው በላይ ባወጣው ያነሣልኝ ሰማይ፣
ጥጉ ላይ አንድ አሞራ።

አያ እንድሪስ አዩኝ፣ የሙሽራው አባት፤
ፊታቸው ሳቅም፣ ሐዘኔታም ነበረበት።
"ልጄ፣ ማሽላው ታጭዷል፣ ገብቷል ከጎተራው፤
ወፍ የለ፣ ጠባቂ የለ፣ ሥራ ፈቷል ማማው።
አራት ጎረምሳ ላክ፣ ነቅለው ያምጡት እዚህ፤
ለወፍ የቆመ እንጨት ለሰው ያንሳል ወይ ይህ?"

መጣ ማማው።
አራት ቋሚ፣ አንድ ቆጥ፣ የጠፍር ማሰሪያው፤
ጠጠሩ እንኳ አልረገፈ፣ የወፍ ማባረሪያው።
ከዳሱ ጥግ ተከሉት፣ ከማድቤቱ ማዶ፤
ወጣሁበት፤ እንጨቱ ሲጥ አለ ተወላግዶ።

ልጅ ሳለሁ እኔም ወፍ ጠብቄያለሁ ቆላ ሐብሩ፤
አውቀዋለሁ ይህንን፣ ሲወዛወዝ እግሩ።
ያኔ የማየው ሁሉ የማሽላ ዛላ ነበረ፣
ቀይ፣ ነጭ፣ የከበደ፣ ወዳንድ ጎን የዞረ።
አሁን የሰው ራስ ነው፦ ሻሽና ቆብ፣ ሹሩባ፣
መላጣ፣ ኮፍያ፣ የፀጉር ላይ አበባ።
ከላይ ሁሉም እኩል፣ ባለ ሱፉ፣ ባለ ሽርጡ፣
የተጠሩ፣ ያልተጠሩ፣ የቆሙ፣ የተቀመጡ።
ክቡን አየሁት እኔ፣ ውስጡ ሆኖ ማንም የማያየው፣
ሲሰፋ፣ ሲጠብ፣ ሲተነፍስ የሚውለው።

ችግሩ ግን አንድ ነው፤ ከላይ ፊት አይታይም፤
አናት ብቻ ይቀራል፣ አናት ደግሞ ስም የለውም።
"ቀና በሉ!" ብዬ ጮህኩ። ከበሮው ዋጠብኝ።
"ቀና በሉ እንጂ!" አልኩ። ማንም አልሰማኝ።

ያን ጊዜ አየኋቸው፣ የሙሽራው እናት፣
እትዬ መይረም፣ ከማድቤቱ ደጃፍ፣ ቆመው በእግር ጣት፤
አንገት ይሰግጋሉ፣ ጭልፋውን ጨብጠው፣
የገዛ ልጃቸውን ለማየት ቋምጠው።
ሦስት ቀን ወጥ ሠርተው፣ ሦስት ቀን ሲያማስሉ፣
ሰርጉን በጆሮ እንጂ በዓይን የት ሲያዩ ዋሉ?
"ይምጡ" አልኳቸውና እጄን ዘረጋሁኝ፤
"እብድ ነህ?" አሉና፣ ጫማ አውልቀው ያዙኝ።

ማማው ተንገጫገጨ፤ አንዱ ቋሚ ላላ፤
"ኧረ! ወደቁ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ።
ከበሮው ተሰበረ፣ ዝም አለ ማለቴ፤
መላው ሰርገኛ ቀና፤ ነካው ያኔ ጣቴ።

አልወደቅንም። ማማው ያዘን።

ዛሬ ያ ፎቶግራፍ ከቤታቸው ግድግዳ ተሰቅሏል፤
ሦስት መቶ ፊት፣ ሦስት መቶ አፍ ተከፍቷል፤
ጦይባ አፏን ይዛ ዓይኗ እንደ ፈጠጠ፣
ይመር እናቱን ሊቀልብ ወንበር እንደ ረገጠ።
አያ እንድሪስ ብቻ ጢማቸውን ይዘው ይስቃሉ።
እሳቸው የሉበትም፤ እኔም የለሁበት፤
ከታች፣ ከጠርዙ ላይ፣ ትንሽ ጥላ አለበት።
እንግዳ ሲጠይቅ፣ "ይህ ምንድን ነው?" እያለ፣
"ጭልፋዬ ናት" ይላሉ። ወጡም ጫፏ ላይ አለ።