ተቃራኒ ፍቺ

ሃምሳ ናቸው ካርዶቹ፣ በላስቲክ ታስረዋል፤
ፊታቸው ላይ ሥዕል፣ ጀርባቸው ላይ ቃል።
ሐሙስ ሐሙስ ጠዋት ሚስ ፕራይስ ትመጣለች፣
ዣንጥላዋን አራግፋ በር ላይ ታቆማለች፣
ከሌናርድ ፊት ለፊት ወንበር ትስባለች፣
«ይህስ ምንድን ነው?» ትላለች።

ሌናርድ ባሌ ነው። አርባ አንድ ዓመት ሙሉ
ከፍሊትውድ ወደብ ወጥቶ ሲገባ ከማዕበሉ
መርከብ ሲያዝ የኖረ አፉ፣
ደም አንጎሉ ላይ ረግቶ፣ በአንድ ሌሊት ቃላቱ ረገፉ።

ሁሉም ግን አልጠፉም። ሐኪሟ እንዳለችው
መሳቢያው እንዳለ ነው፤ እጁ ነው የሚስተው፤
ካልሲ ፍለጋ ገብቶ ጓንት ይዞ የሚወጣው።

ሻዩ ሲያቃጥለው «ኮልድ!» ብሎ ይጮኻል፤
መስኮት ክፈቺ ሊለኝ «ክሎዝ» ብሎ ያዛል።
ልጃችን ትሬሳ በስልክ «እንዴት ዋልክ?» ስትለው
«ባድ፣ ቬሪ ባድ» ይላል፣ ፊቱ እየፈካ ነው።
እሷ ታለቅሳለች፤ ስልኩን እቀበለዋለሁ፤
«ደህና ነኝ ማለቱ ነው» እላታለሁ።

በስልሳ ስምንት ዓመቴ የእናቴን ቋንቋ
እንደ ሹራብ ገልብጬ በስፌቱ በኩል ለበስኩት፤
«ጎ» ሲለኝ ቀረሁ፣ «ኖ» ሲለኝ ሰጠሁት።

ባለፈው ሐሙስ ግን የገመድ ሥዕል ወጣ።
ሌናርድ አየው፤ አየው። ጉንጩ ላይ ደም መጣ።
«ዋርፕ» አለ። ደግሞ «ሆውዘር»።
ደግሞ «ላንያርድ»። ደግሞ «ፔንተር»።
ደህናው እጁ አየር ላይ ቋጠሮ ይቋጥር ጀመር።
አንዱ መረብ ይጎትታል፣ አንዱ መርከብ ያስራል፣
አንዱ ከትንሽ ጀልባ አፍንጫ ይንጠለጠላል፣
አንዱ ቢላዋ ካንገት ላይ ይይዛል፤
ለእኛ ለየብስ ሰዎች ሁሉም ገመድ ይባላል።

ካርዱ ጀርባ ያለው ግን «ሮፕ» ብቻ ነው።
ልጅቷ ከፍቷታል፤ ቅጹ ላይ ግን ኤክስ አሰፈረችው።
«አንድ ብትጠይቂው አራት ሰጠሽ!» አልኳት።
«ተመሳሳይ ናቸው፣ ወይዘሮ ሆልሮይድ፤
ቅጹ የሚጠይቀኝ ግን ያንኑ ቃል ነው» አለች፣ አንገቷን ደፋች።
ተመሳሳይ!
ጨለማ ላይ፣ በረዶ በያዘው መርከብ ወለል ላይ፣
ዋርፕ ሲጠራ ላንያርድ ያቀበለ ልጅ
ጣቶቹን ይዞ አይመለስም ወደ ደጅ።

የቤት ሥራ ትታለት ሄደች፦ «ተቃራኒውን ጻፍ»።
እኔ ድንች ስልጥ እሱ በግራ እጁ ሲጽፍ፣
ፊደሉ ሰክሮ፣ መስመሩን እየዘለለ፣
ምላሱን በጥርሱ ይዞ፣ እንደ ተማሪ እየማለለ።
«ብላክ» ላለው «ኋይት»። «አፕ» ላለው «ዳውን»።
ልክ ነው፣ ልክ ነው፣ እያልኩ ወረድኩ ወረቀቱን።
«ሲ» የሚል ነበር ከታች፤ ባሕር።
መልሱ «ላንድ» ነው፤ የብስ፣ ምድር።
እሱ ግን «ዶሪን» ብሎ ጽፎበታል።

ስሜ ነው። ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ፣ ውሃው በላዬ ይፈላል።
ሙገሳ ይሁን ክስ፣ ማን ይፈታልኛል?
አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስጠረጥር ነበር፣
ሻንጣውን ይዞ በወጣ ቁጥር፣
ሻንጣውን ይዞ በገባም ቁጥር።
ለሚስ ፕራይስ አላሳየኋትም።
ኤክስ ብታደርግበት አልችልም፤ ራይት ብታደርግበትም።

ማታ ማታ ብርድ ልብሱን ሳለብሰው
«ጎ» ይለኛል ሁልጊዜ፤ ቁጭ እላለሁ እንቅልፍ እስኪወስደው።
ትናንት ግን ልነሣ ስል፣ ጥርት አድርጎ፣
እንደ ድሮው ድምፁ፣ «ስቴይ» አለኝ።
እጁ ቀንቶት ይሆን፣ ያንኑ ቃል ከመሳቢያው አውጥቶ?
ወይስ ደክሞት ይሆን፣ ሂጂልኝ ሊለኝ ፈልጎ፣ እንደ ልማዱ ስቶ?
በሩ ላይ ቆምኩ፣ አንድ እግሬ ምንጣፉ ላይ፣
አንድ እግሬ ኮሪደሩ ላይ።

«ልሂድ?» አልኩት።
«ዬስ» አለኝ።
ጣቴ መብራት ማጥፊያው ላይ ነበር።