ሐዲዱ

ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀረጹኝ፣ በፕላስቲክ ወንበር፤
ከኋላዬ የአቃቂ ወንዝ፣ ቀለም የነከረው አጥር።
«እስቲ ስለ ባቡሩ ያጫውቱን» አለች ልጅቷ፣
ትኋን የምታህል ማይክ ኮቴ ላይ ሰክታ።
አጫወትኳት። ሻይዋ ቀዘቀዘ፤ ዝንብ ገባበት።
ከዚያ ሁሉ ወሬ የተረፈኝ ዐሥራ አንድ ሰከንድ ናት፦
«ደህና ሰው ነበረ» እላለሁ፤ አፌ ይዘጋል፤
ከሥሬ «የቀድሞ ተጋጣሚ» የሚል ጽሑፍ ያልፋል።

ስም ነበረኝ እኮ!
ሞሲሳ «ባቡሩ» ሲባል እኔ «ሐዲዱ» ነበርኩ።
እሁድ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጨርቃ ጨርቁ ክበብ፣
የገለባ ፍራሽ ላይ፣ በጭነት ገመድ ክብብ፣
እሱ የሚሄድብኝ፣ እኔ የምተኛለት፤
ሃምሳ ሳንቲም ለከፈለ ሰው ሁሉ የምሰበርለት።

ትናንት ማታ በወረዳው አዳራሽ ታየ ፊልሙ፤
ግድግዳው ላይ አንሶላ ወጥረው፣ ሰዎች እንደ ቆሙ።
ዘርፌሽዋል ከፊት ወንበር፣ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ፣
ግራ እጇን በቀኟ ታቅፋ፣ እንደ ተኛ ሕፃን፣ ደረቷ አግብታ።

ፊልሙ ሁሉን ያውቃል።
ጉልበቱ የዞረበትን ቀን፣ በመርፌ ቆሞ የታገለበትን፣
የአረቄ ቤት ዕዳውን፣ ቃሊቲ የገባበትን
(ለእኛ ሰፈር ነው፤ ለእሱ ሁለት ክረምት)።
አንድ ባለሙያ መነጽሩን እያስተካከለ
«የውሸት ትግል ነበር» አለ፤ «በስምምነት ነበር» አለ።
ሰዉ አጉረመረመ። አንድ ሽማግሌ ተነሥቶ ወጣ።
ውሸት ነው፣ አዎ፤ ጀርባዬን ጠይቁት ግን፣ ሌሊት ብርዱ ሲመጣ።

ካሜራ ያልያዘው አንድ ነገር አለ።
ክንዱ አንገቴን አንቆ፣ ሕዝቡ «ስበረው!» እያለ፣
ያ ግዙፍ ራስ ወደ ጆሮዬ ይወርዳል።
ነከሰው ይላሉ። እሱ ግን ይጠይቀኛል፦
«አመመህ ወንድሜ? ላላ ላድርገው?»
ትከሻውን በጣቴ እነካለሁ፤ አንዴ ከሆነ፣ አሞኛል ነው፤
ሁለቴ ከሆነ፣ ቀጥል።
ከዚያ አንሥቶ ይጥለኛል፣ እንቁላል እንደሚያኖር ሰው።

ይሄን ለልጅቷ ነገርኳት፤ አላስገባችውም።
ያልነገርኳት ደግሞ አለ፤ እሷም አልጠየቀችም።
ዘርፌሽዋል ፊልሙ መሐል አንዴ ዞራ አየችኝ።
ጎረቤት ነበርን። አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው የለየኝ።
ያን ሌሊት ሳሕን ሲወድቅ፣ ወንበር ሲጎተት፣
አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ሰማሁት።
ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ጠበቅሁ፣
«አመመሽ?» እስኪላት።
አላላትም።
እኔም አልተነሣሁም።
ሐዲድ ነኝ፤ መተኛት ነው ሥራዬ።
ተኛሁ።

መጨረሻው ላይ ያረጀው የባቡር መሥመር ይታያል፤
ሣር የዋጠው፣ ብሎኑ ለቆራሌው የተሸጠ።
«በነሐሴ ጠዋት እዚህ ተጋድሞ ተገኘ» ይላል፤
«ራሱን ሊያጠፋ ይሆን?» ሙዚቃው ያለቅሳል።
ኧረ እባካችሁ! የአቃቂ ልጅ ነው እኮ፤
ባቡር በዚያ ካለፈ ስንት ዘመኑ፣ ያጣዋል እንዴ እሱ ደርሶ?
ብርዱ ነው የገደለው። ምናልባት አንድ ቀን እንኳ
የኔን ቦታ ሊሞክረው ይሆናል፤
ከታች ሆኖ ሰማዩ ምን እንደሚመስል።

ከዚያ የድሮዋን ፊልም መለሷት፤ ትከሻው ላይ እኔ፣
ወጣት፣ ቀላል፣ እግሬ ወደ ጣሪያ፣ የተገለበጠ ዐይኔ፤
ልክ ሊጥለኝ ሲል
መብራት ሄደ።
አንዱ አፏጨ። ጄኔሬተሩ ናፍጣ የለውም ተባለ።
ከፊት ወንበር ተንቋቋ፤ ነጠላ በአጠገቤ አለፈ።
በሩ ተከፍቶ ተዘጋ።

ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብያለሁ። ገና አልወደቅሁም።
ትከሻ ፍለጋ እጄን ዘረጋሁ፤
የወንበር ጀርባ አገኘሁ።
አንዴ ነካሁት።