ማሳለፍ

ሻርጃ፣ ናህዳ ሰፈር፣ ከሕንጻው መግቢያ ላይ ጠባብ ጎጆ አለችኝ፤
አንድ ወንበር፣ አንድ ቀይ ቁልፍ፣ አንድ የብረት ዘንግ፣ "ሥራህ" ብለው ሰጡኝ።
"ምንድን ነው ሥራህ?" ቢሉኝ ከደጋን ደውለው፣
"ማሳለፍ" አልኳቸው፤ ሌላ ስም የለው።

ቁልፏን ስጫናት ዘንጉ ይነሳል፣
መኪናው ያልፋል፣
ዘንጉ ይወርዳል።
አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲሁ ሲነሳ፣ እንዲሁ ሲወርድ ይመሻል፤
በነሐሴ ወበቅ ሸሚዜ ከጀርባዬ እንደ ቴምብር ይጣበቃል።

የሚያልፈው ብዙ ነው።
አንዱ መስኮት ሳይከፍት፣ በከንፈሩ ብቻ "ሰላም" ብሎኝ ያልፋል፤
ድምፁን ባልሰማውም ሰላሙ ይደርሳል።
ፊሊፒናዊቷ ነርስ፣ ከአዳር ስትመለስ፣ ዓይኗን እያሸች ሙዝ ታቀብለኛለች።
ልጆች ከኋላ ወንበር ምላስ ያወጡልኛል፣
እኔም አወጣለሁ፤ ካሜራው ያየኛል።

አቡ ረሺድ ብቻ፣ ነጩን ፓትሮል ይዞ፣
ይመጣል ከቢሮው ቁጣውን አርግዞ።
ገና ከማዕዘኑ ጥሩምባው ይጮሃል፣
"ያ ሐሪስ! ያ ሂማር! ዛሬም ተኝተሃል?"
አህያ ማለቱ ነው።
አህያስ ሸክሙን ማታ ያራግፋል።

አንድ ቀን መለስኩለት።
በአፌ አይደለም፤ በጣቴ።
ቁልፏን ሳልነካት እስከ መቶ ቆጠርኩ፤
ሲንጨረጨር፣ ሲጮህ፣ ጫማዬን እያየሁ ቆየሁ፣ ተደሰትኩ።
አሸነፍኩት ብዬ!
ከዚያማ ሰውዬው
በሊፍት ወጣና ወደ ቤቱ ሄደ፤
ቁጣው ግን አብሮኝ በአውቶብስ ነጎደ፤
ከጎኔ ተቀምጦ፣ በትከሻው ገፍቶኝ፣
ከተደራራቢው አልጋ፣ ከላይኛው ወጥቶ፣ አንሶላ ተሻምቶኝ።
የቆመው እሱ ነው፤
ያልተኛሁት እኔ።

ቢሽኑ፣ ኔፓላዊው፣ ፈረቃ ሲረከብ ፊቴን አየና፣
በተሰባበረው ዓረብኛችን አለኝ፣ ቆቡን እያቀና፦
"ለእሱ ዘንጉን አንስተህ፣ እዚህ"፣ ደረቴን ነካ፣ "እዚህ ዘግተኸዋል፤
ታዲያ በየት ያልፋል?"

ወዲያው አልገባኝም። በሳምንቱ ግን፣ ከመግቢያው መዝገብ የመጨረሻ ገጽ፣
ማንም በማያየው፣ ጀመርኩኝ መጻፍ፦
"ንዴት። አንድ ሰዓት ከሩብ። ገባ።
ንዴት። ሁለት ሰዓት። አሁንም አለ።
ንዴት። ሦስት ሊሆን አምስት ጉዳይ። ወጣ።"
አንዳንዱ ሳይወጣ ነግቷል፤ እሱንም ጽፌዋለሁ።

አንድ ሐሙስ ሌሊት ፓትሮሉ መጣ፣ ያለ ጥሩምባ።
ዘንጉን አነሳሁለት። አልገባም።
ግንባሩ መሪው ላይ ነበር።
ከኋላው ሦስት መኪና፣ ጥሩምባ በጥሩምባ፤
ወጥቼ እጄን ዘረጋሁ፦ "ቆዩ።"
ምን ሆንክ አላልኩትም፤ እሱም አልነገረኝ።
ዘንጉ ከላይ ቆመ፤ እኔም ከሥሩ ቆምኩ፤
ለካ ማሳለፍ ማለት አንዳንዴ መቆም ነው።
በመዳፉ ፊቱን ጠርጎ፣ ሞተሩን ቀስቅሶ፣ ገባ።
በመዝገቡ ላይ፦ "ነጭ ፓትሮል። አምስት ሰዓት።"
ሌላውን አልጻፍኩም።

ቅዳሜ ማታ፦ ጥሩምባ! "ያ ሂማር!"
ጆሮዬ ጋለ፣ እንደ ድሮው።
ቁልፏን ተጫንኩ፤ ዘንጉ ተነሳ፤ እሱ አለፈ።
ንዴቱ ገና በር ላይ ነው፣
መብራቱን እንዳበራ።
ይኸው ዘንጉን አላወረድኩም፤
እየጠበቅኩት ነው።