ሠላሳ ሳንቲ ሜትር

ከሰዓት ነው፤ የአዳማ ሰው ሁሉ ሲሄድ ጥላ ለጥላ፣
ቋ ይላል የላቦራቶሪው ቆርቆሮ፣ በሙቀት ሲላላ።
ኦብሴ ጎማውን ቅባት ቀብታ የመስታወት ድፋኑን ከደነች፤
ውስጡ ባለሁለት ዓይን ሴንሰር፣ ፊት ለፊቱ ሳህን አቆመች።
ቀድሜ በማስመሪያ ለክቼዋለሁ፦ ሠላሳ ሳንቲ ሜትር፣
ሳይተርፍ ሳይጎድል።
ቴክኒሻን ነኝ፤ የማምነው የሚለካ ነገር።

በሰከንድ አርባ ሺህ ጊዜ ይርገበገባል፣ ይጮኻል፤
እኔ አልሰማው፣ እሷ አትሰማው፣ የሌሊት ወፍ ይሰማው ይሆናል።
ይጮኽና ዝም ይላል።
ይጠብቃል።
ገደል ማሚቶው ከሳህኑ ነጥሮ እስኪመለስለት፤
በዚያች ቅንጣት ጊዜ ነው ርቀት የሚሰላለት።

ፓምፑን አስነሣሁ። እንደ ጋሪ ፈረስ እያለከለከ፣
ከስምንት መቶ ሠላሳ ሚሊባር ቁልቁል አየሩን ላከ።
ስክሪኑ ላይ ተራራ የነበረው ሞገድ ኮረብታ ሆነ።
አራት መቶ። ጉብታ ሆነ።
ሰማንያ።
«ጋሽ ጃርሶ፣ ዘገየ እንዴ?» አለች።
«ጊዜውን እዪ፤ አንድ ነጥብ ሰባት ሚሊ ሰከንድ፣ ያችው ናት፣ መች ተነቃነቀች?
አይዘገይም ልጄ።
ይደክማል እንጂ።
አየር ሲሳሳ ድምፅ የሚገፋው ያጣል፣ ከአፉ መውጣት ያቅተዋል፤
አምልጦ የወጣውም ጥቂት፣ መንገድ ላይ ያልቃል።»

አርባ ላይ ስክሪኑ ጻፈ፦ «የለም»።
ሳህኑ ግን እዚያው ቆሟል፤
በመስታወቱ ይታየኛል፣
ሳይተርፍ ሳይጎድል።

ወንድሜ ለምን ትዝ አለኝ?
ባንድ ግቢ ነን፣ ባንድ ግድግዳ።
የአባታችን ቤት ለሁለት ከተለካ ስድስት ዓመት፤
ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።
ማታ ሲያስል እሰማዋለሁ፤ ቁልፉን ሲጥል፣
ሬዲዮውን ከጣቢያ ጣቢያ ሲያንከራትት።
«ወንድም አለህ?» ሲሉኝ ግን
«የለኝም» እላለሁ አፌን ሞልቼ፤
በመካከላችን የነበረውን አየር
ማን እንደ መጠጠው ረስቼ።

ቫልቩን ፈታሁት። አፏጨ።
የአዳማ አየር እንደ ገበያተኛ ተጋፍቶ ገባ፣
ከነሙቀቱ፣ ከነአቧራው።
ሠላሳ ነጥብ አንድ፣ አለ ስክሪኑ፣
ምንም እንዳልተፈጠረ።

ኦብሴ መዝገቡ ላይ፣ ከአርባው ሚሊባር ትይዩ፣
«የለም» ብላ ጽፋ ነበር።
እስክሪብቶዋን ተቀበልኳት።
ሰርዤ፣ ከጎኑ፣ በተንጋደደ ጽሕፈቴ፣
«አልተሰማም» አልኩት።