ሻያችንን ያፈላው

ለካሮት ዘመድ ነው፣ ለእንስላል ያክስት ልጅ፣
ግን ማንም አይዘራው በጓሮ፣ በደጅ።
ሙነቫራ ያወቀችው በወረቀት ላይ ነው፣
በኾሮግ ከተማ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ያለው፤
አንድ ቅጠል፣ አንድ ግንድ፣ ተጠፍጥፎ የደረቀ፣
ሙጫው ቢጫ ሆኖ ዳሩ የተላቀቀ።
ከሥሩ በቀለም፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ፣
"ሐምሌ፣ ከበረዶው በታች፣ ብርቅ" ይላል እንጂ
ማን እንዳየው፣ የት ላይ፣ ስንት እንደነበረ፣
የቀረውን ነገር ብል በልቶት አደረ።
ስያሜው የሩቅ አገር የአንድ ሐኪም ስም ነው፤
ሐኪሙ አበባውን፣ ፓሚርንም አላየው።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቁም ሣጥኑን ከፍታ፣
ብሉን አሳድዳ፣ ወረቀቱን ፈትታ፣
ጡረታዋ ሲደርስ አንድ ነገር አማራት፦
ነፋስ ሲያወዛውዘው ማየት፣ አንዴ፣ ከመሬት።
ፈቃዱ ሲፈረም ሐምሌ አልፎ ነበር።

ቆዲርሾ መራት፣ የጭነት መኪና ሾፌር የነበረ፣
ጉልበቱ በኦሽ መንገድ፣ ፍሬን ላይ የቀረ።
ሥዕሉን አሳየችው። አየና ገልብጦ፣
"ይበላል?" "አይበላም።" "ያሽራል?" "ማን ቀምሶ!"
"ታዲያ ምን ይሠራል?"
                    ቃል አጣች ለመልሱ።
"በቃ፣ አለ" አለችው።
                    ስቆ ተነሣ እሱ።

ሦስት ቀን ወጡ። ከታች የፓንጅ ወንዝ ይጮኻል፣
ማዶው አፍጋኒስታን፣ የተሰጣ ልብስ ይታያል፣
ሕፃን ሲያለቅስ ይሰማል፤
ድምፅ ያለ ፓስፖርት ውሃውን ይሻገራል።
ፈለገች ድንጋይ ሥር፣ ሸለቆ ለሸለቆ፣
ዐይኗ ደም መስሎ፣ የጫማዋ ሶል ተላቆ።
ጠባዩን ታውቃለች፦ ዓመት ባመት አያብብም፣
ዐሥር ዓመት፣ ዐሥራ አምስት፣ ከመሬት ቀና አይልም፣
ከዚያ ባንድ በጋ ጃንጥላውን ዘርግቶ፣
ከዝናብ የማያድን፣ ከፀሐይ የማይከልል ጃንጥላ፣
ይሞታል አብቦ፣ ያለውን ሁሉ አውጥቶ።

በሦስተኛው ማታ ብርድ አጥንት ሲሰብር
ቆዲርሾ ማገዶ ለቅሞ እሳት አነደደ፤
በወተት የሚፈላ፣ ጨው ያለው ሻይ ጣደ።
ጠጣች። ለሁለተኛው ጽዋ እጇን ስትዘረጋ
ያ ሽታ መጣ፣
የሦስተኛው ቁም ሣጥን፣ የታችኛው መሳቢያ፣
እንስላል የሚመስል፣ ግን እንስላል ያልሆነ፣
እዚህ፣ ከጭሱ ውስጥ፣ ሕያው ሆኖ በነነ።

"ቆዲርሾ! ምንድን ነው ያነደድከው?" ጮኸች።
"ደረቅ እንጨት" አላት።
                    እሳቱን በተነች።
አንድ ስንዝር ግንድ ቀርቷል፣ ጫፉ ገና ይጨሳል፣
አናቱ ላይ የጃንጥላ ዐፅም፣ ከስሏል።

ሲነጋ ወሰዳት ከነቀለበት ቦታ።
ሲጎትተው የረገፈ ፍሬ፣ እንደ ከሙን የሳሳ፣
እያንዳንዱ መንታ፣ ከአንድ ክር የተነሣ፤
ለሁለት ተከፍሎ፣ እንደ ወንዙ ዳርና ዳር
ሳይለያይ ተለይቶ፣ አፈሩ ላይ ተበትኖ ነበር።
ቆዲርሾ ቆቡን አውልቆ አቀረቀረ፤
"ባውቅ ኖሮ" አለ፣ "ቀዝቃዛ ወተት እንጠጣ ነበረ።"
ግማሹን በፖስታ ከተተች። ግማሹን
እዚያው በጫማዋ ጫፍ አፈር አለበሰችው።

ኾሮግ ስትመለስ፣ ከአሮጌው ወረቀት ሥር፣
በእርሳስ፣ በአጭሩ፣ የራሷን ጨመረች፦
"መስከረም። ከዋሻው በላይ። አንድ ግንድ፣ የደረቀ።
ጥቅሙ፦ የሁለት ሰው ሻይ አፍልቷል።"