ለባሳር የተሰጠች ጥርስ

ጥፋቱ የአይቡ ነው፤ ካምና ጣሪያ ላይ
ጠጠር እስኪመስል የደረቀው በፀሐይ።
ሳራንጎ ነከሰች። “ቀጭ!” አለ። ዝም አለች።
እጇን ወደ አፏ፣ ካፏ ወደ እኔ ሰደደች፤
በመዳፏ መሀል አንዲት የሩዝ ፍሬ፣
ጫፏን ደም የነካት። “አባ! ወጣች ዛሬ!”

እኛ አገር ደንቡ ነው፤ የወለቀን ጥርስ
በበግ ላት ጠቅልሎ ለውሻ ማጉረስ፤
ውሻው ላቱን ሲውጥ፣ ልጅ ምኞቱን ሲያወጣ፣
አጥንት የሚቆረጥም አዲስ ጥርስ ሊመጣ።
እኔም ልጅ ሳለሁ አጉርሻለሁ፤ ጥርሴ ግን ጠማማ ወጣ።
“ውሻው ጠማማ ነበር” ይላል አባቴ፣
ነገር እሱ ላይ እንዳይመጣ።

በኛ ሕንፃ ግን፣ መግቢያው ላይ፣ በቀይ
“ውሻ ክልክል ነው” ይላል፣ ከደረጃው በላይ።
ጎረቤታችን ያላት ዓሣ ነው፣ ወርቅማ፤
ለዓሣ ጥርስ ሲያጎርሱ የት አገር ተሰማ?
እናቷ ዶልጎር ከፍሪጅ አውራ ጣት የሚያክል ላት ቆረጠች፤
“ለእሁድ ሾርባ ነበር” አለች፤ ደግሞ ጨምራ ቆረጠች።

ቅዳሜ ወጣን፤ ብርዱ ከዜሮ ሠላሳ ታች፤
ኡላንባታር የከሰል ጢስ እንደ ጋቢ ደርባለች።
ጥርሷ በላቱ ውስጥ፣ ላቱ በጓንቷ፤
በየፌርማታው መዳበስ፤ “አለች?” ነው ጭንቀቷ።
አባቴ ዳምባ ከኮረብታው፣ ከድንኳኑ ደጃፍ ላይ፣
አንገቱን አስግጎ ቆሟል፣ የአውቶቡሱን መንገድ ሲያይ።

ባሳርም ተነሣ። ማለት፣ ግማሹ ተነሣ፤
የፊት እግሩ የነገረውን የኋላው እየረሳ።
አሥራ አራት ክረምት ተኩላ ያባረረ፣
አሁን ጅራት ለመቁላት ከራሱ የመከረ።
ያለን ባሳር ነበር፤ ባሳር ይሁን ተባለ፤
እርግጥ ደንቡ ቡችላ ነው፣ ጥርሱ የተሳለ።

ልጄ ተንበረከከች። ከንፈሩን ገለጥ አድርጋ አየች።
ረጅም ጊዜ አየች።
ድድ። ከዚያ ድድ።
ከዚያ አንዲት ቢጫ ጉቶ፣ ብቻዋን የተንጋደደች።
“አያቴ፣” አለች፣ “የሱ ሲወልቅስ ለማን ሰጣችሁ?”

አባቴ ሳቀ፤ ወዲያው አፉን በመዳፉ ሸፈነ፤
ዘንድሮ ሦስት ረግፈውበት፣ ሳቁ በእጅ አዙር ሆነ።

“በይ፣ ምኞትሽን ተናገሪ፤ ‘የኔን ውሰድ፣ ያንተን ስጠኝ’ በይው።”
“ምኑን ይሰጠኛል?” አለች። “ባዶ እኮ ነው ያለው!
ከሌለው ላይ ደግሞ መለመን ነውር ነው።”
ላቱን በመዳፏ ይዛ፣ ጎንበስ ብላ ወደ ጆሮው፣
“ላንተ ነው። አትመልስ” ብላ አጎረሰችው።

ባሳር ላቱን ላሰ፣ አላመጠ፣ ዋጠ፤
ጥርሷን ግን ለይቶ በረዶው ላይ አስቀመጠ።
ነጭ በነጭ ላይ! በሦስት ጥንድ ጓንት ፈለግን፤
አሥራ ሁለት ጠጠር፣ አንድ የኮት ቁልፍ አገኘን።
ጥርስ ግን የለም።
ሳራንጎ አልከፋትም። “ማታ ተነሥቶ ይውጠዋል፤
ሰው ሲያየው ያፍራል” አለች። “አያቴስ መች ያሳየናል?”

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ አፏን ከፍታ ተኛች።
የመንገዱ መብራት ገባ ወጣ ሲል፣
አንዲት ጭረት ታየችኝ ከድዷ በኩል፤
የአዲሱ ጥርስ ጫፍ፣ እንደ መጋዝ ጥርስ፣ ስል።
ላትም ውሻም ሳይጠብቅ፣ ምኞትም ሳይሰማ፣
ቀድሞን ደርሶ ተቀምጧል በድዷ ጨለማ።
አየሁና ዝም አልኩ። ኮፍያዋን ብቻ ጎተት አድርጌ
ጆሮዋን ሸፈንኩላት።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ስልክ ትደውላለች፤
“ባሳር አበቀለ?” ብላ፣ ሰላምታም ሳታደርስ፣ ትጠይቃለች።
“ሊወጣ ነው! ነጭ ነጥብ አየሁ፣ በግራ በኩል፣”
ይላል አባቴ፤ በጎደሉት ጥርሶቹ መሀል
ውሸቱ እያፏጨ።